ልጄ ጥጃ የነበረችበት ዘመን

ልጄ ለስምንት ወር ያህል ጥጃ ነበረች። ስድብ አይደለም። በመዝገብ የሰፈረች፣ የጆሮ ቁጥር ያላት፣ የዕለት ወተት የተመደበላት የተከበረች ጥጃ ነበረች። ያደረግኋት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያን ጊዜ ግን አሰላ ውስጥ ሰው ሆኖ ከማደግ ጥጃ ሆኖ ማደግ ይሻል ስለነበር፣ ለልጄ የተሻለውን የመረጥኩ ብልህ እናት መስሎኝ ነበር።

ጊዜው የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ አንድ የከብት እርባታ ጣቢያ ነበር። የአገሩን ላም ከፈረንጅ ኮርማ እያዳቀለ ጊደር ለገበሬ ያከፋፍላል። እኔ እዚያ ታይፒስት ነበርኩ። የመጣሁት ከደብረ ሲና ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ የመደበው መሥሪያ ቤት ባልና ሚስት በአንድ ከተማ ቢያድሩ አገር የሚፈርስ መስሎት መሰለኝ፣ እሱን ሩቅ ገጠር፣ አርቦዬ ላከው። በወር አንዴ ይመጣል፣ በሳምንት አንዴ ይጽፋል። ደብዳቤው ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ» የሚል ነው። ልጅ በማበረታታት ብቻ ያድጋል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ደሞዙ ለሁለት ቤት አይበቃምና ሥራዬን መተው የሚባል ነገር አልነበረም።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሞግዚት ፍለጋ ገባሁ። የመጀመሪያዋ በሦስተኛው ሳምንት ባል አገኘች። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ የምትቀጠርበት ቤት ተገኘላትና አውቶቡስ ላይ ቦታ እንድይዝላት እኔኑ ለመነችኝ። ሦስተኛዋ ጥሩ ነበረች። ጥሩ ስለነበረች የአለቃዬ ሚስት ወሰደቻት። አራተኛዋ ልጄን ከፊት ለፊታችን ላለው ጨርቅ ነጋዴ «አንዴ ያዝልኝ» ብላ ሰጠችውና በዚያው ቀረች። ሰውዬው፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ በአንድ እጁ አቡጀዲ እየለካ በአንድ እጁ ልጄን ታቅፎ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቆየኝ።

«ችግር የለም እኮ» አለኝ ሲመልስልኝ። «ወላሂ ገበያ ጨመረልኝ። ሁሉም ልጅቷን ሊያይ ይገባል፣ አፍሮ አንድ ክንድ ጨርቅ ይገዛል።»

በነዚህ ምክንያቶች ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሁለቱንም ራሴ ታይፕ አድርጌ፣ ራሴ ፈርሜ ተቀበልኩ። ሦስተኛው ስንብት እንደሆነ ደንቡ ላይ ሰፍሯል፤ ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። እናቴ ይህን ሰምታ «ልጅቷን ላኪልኝ» ብላ ላከችብኝ። ልጅ ለአያት መስጠት ያለ ወግ ነው፣ ማንም አይገረምም። እኔ ግን ደብረ ሲና የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ የወለድኳትን በዓመት አንዴ ላያት ነው ወይ ብዬ እንቢ አልኩ። ልጄን ለማንም አልሰጥም አልኩ። ኩራት ያን ጊዜ አይጎድለኝም ነበር።

አሁን የጥጃ ቤቱን ላሳያችሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው በየሦስት ወሩ ኖራ ይቀባል። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኛ ቢሮ ውስጥ ጣታችን ደንዝዞ ፊደል ስንስት፣ የጥጃ ቤቱ የወተት ማሞቂያ ክፍል ምድጃው ሲነድ ይውላል። ወተቱ በቴርሞሜትር ተለክቶ በጡጦ ይሰጣል። አንዲት ጥጃ ካስነጠሰች የእንስሳት ሐኪሙ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ብትሉ፣ እናቲቱ ሥራ ስላለባት ነው። ላሟ መታለብ አለባት፤ ስለዚህ ጥጃዋን ሌላ ሰው ይይዝላታል። ጣቢያው ሥራ ያለባት እናት ልጅ ያዥ እንደሚያስፈልጋት ከእኛ ቀድሞ የገባው መሥሪያ ቤት ነበር። ብቻ ላም መሆን ያስፈልጋል።

እኔም በየዋህነቴ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከእኔ ሌላ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ሦስት አላቢዎችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ አምስት ልጆች ማለት ነው። አንድ ክፍልና አንድ ሞግዚት ይሰጠን አልኩ። መልሱ በሁለተኛው ወር መጣ። «ጥያቄያችሁ ተገቢ ሆኖ ሳለ የበጀት አርእስት ስለሌለው» ይላል። መልሱንም ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ «ተገቢ» የምትለዋን ቃል ረስተዋት እኔ ነኝ የጨመርኳት። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ስለ ላም ጡት ሁለት ሰዓት ሳይጠጡ ሳያርፉ መናገር የሚችሉ ሰው ነበሩ።

መልሱን ፋይል ሳደርግ ከሥሩ ያለው ወረቀት ዓይኔ ገባ። ለአሥር ጥጆች አንድ ጥጃ ጠባቂ ይመደባል ይላል፤ ከአሥር ካለፉ ሁለት። በጥጃ ቤቱ ያን ጊዜ ዘጠኝ ጥጆችና አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ነበሩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔም በወሩ መጨረሻ የጥጆችን ሪፖርት ስጽፍ ዘጠኙን አስራ አራት አደረግኋቸው። የከብት ክፍል ኃላፊው ከምሳ በኋላ የቀረበለትን ሁሉ የሚፈርም ሰው ነው፤ ፈረመ። ለሰው ልጅ ሁለት ወር የፈጀው ጉዳይ ለጥጃ ስድስት ቀን አልፈጀም። «አንድ ተጨማሪ ጥጃ ጠባቂ እንዲቀጠር ተፈቅዷል።»

የተቀጠሩት ቅቤ እያዞሩ የሚሸጡ አንዲት የአርሲ ባልቴት ናቸው። ከሲሬ መጥተው ጣቢያው አጠገብ እህታቸው ጋ ይኖሩ ነበር። ሰባት ልጅ አሳድገዋል። የቅጥር ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን ሳስነካቸው ሥራቸው ልጅ መያዝ እንደሆነ ነገርኳቸው እንጂ ስለ ጥጃ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለአራቱ እናቶችም «ተፈቀደልን» ብቻ ነው ያልኳቸው። መረቁኝ። ልጆቹ ሴትዮዋን «አዮ» አሏቸው፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። እኛም አዮ አልናቸው።

ጠዋት ጠዋት አምስቱን ልጆች ወተት ማሞቂያ ክፍል ውስጥ፣ ምድጃው ዳር አጎዛ ላይ እናስቀምጣለን። የአምስት ጥጃ ወተት በየቀኑ ይመጣል። ልጆቹ ጠጥተው የተረፋቸውን ዘጠኙ ጥጆች ይጨርሱታል። ልጆቹ ወፈሩ፣ ጥጆቹም ወፈሩ፣ ሽማግሌው ጠባቂም ጉንጫቸው ሞላ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት ጣቢያችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ሆነ። እኔም ልጄ ግድግዳው ማዶ እንዳለች እያወቅሁ መጻፍ ምን እንደሆነ አየሁ። ፊደል መሳት ተውኩ። ሥራ አስኪያጁ «ምን ነካሽ፣ ሰው ሆንሽ!» አሉኝ። እኔ ሰው የሆንኩት ልጄ ጥጃ ስለሆነች መሆኑን አላወቁም።

መዋሸት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የወረቀት ጥጃም ማደግ አለበት። በየወሩ ክብደታቸውን እየጨመርኩ ልጄን፣ ቁጥር አስራ ሁለትን፣ ስልሳ ኪሎ አደረስኳት። ቤት ወስጄ ሳዝላት ያን ያህል አትከብድም ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የከብት ክፍል ኃላፊው ወንዶቹ ጥጆች ስድስት ወር ስለሞላቸው እንዲኮላሹ ዝርዝራቸውን አዘጋጂ አለኝ። ከአምስቱ ሁለቱ የአላቢዎቹ ወንዶች ልጆች ናቸው። ወረቀቱን ከማሽኑ አወጣሁት፤ መቼም እውነት ይኮላሻሉ ብዬ አይደለም፣ ግን እናት ነኝ። «ያለፈው ወር ስህተት ነበር» ብዬ ሁለቱንም ሴት አደረግኋቸው። እናቶቻቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውም ለእኔ ተገላብጦ ነበር፤ ወተቱን አያለሁ፣ ላሟን ነው የማላያት።

እንዲህ ስምንት ወር ኖርን። ከዚያ አንዲት እውነተኛ ጥጃ ተቅማጥ ይዟት ሞተች።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ባለፈው ዓመት የአንዷ አላቢ ልጅ በኩፍኝ ሲሞት የግማሽ ቀን ፈቃድ ተሰጥቷት ነበር፤ ያንንም እሑድ ገብታ አካክሳለች። ለጥጃዋ ግን ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጸሐፊና ስምንት ቀን ተመደበላት። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ኮሚቴው ጥጃ ቤት ገብቶ ቆጠረ። በወረቀት አስራ ሦስት መሆን አለባቸው፤ ያሉት ስምንት ናቸው። እንደገና ቆጠሩ። ሊቀ መንበሩ ወተት ማሞቂያ ክፍል ገብቶ ከምድጃው ኋላ ሳይቀር ፈለገ። አምስቱ ልጆች አጎዛው ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ጎንበስ ብሎ የልጄን ጉንጭ ቆነጠጠና «የማን ልጅ ናት? ስታምር!» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «አምስት ጎድለዋል፣ ጻፊ» አለኝ።

ጻፍኩ።

ወረቀት ይዋሻል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የእያንዳንዷ ክብደት በየወሩ ተመዝግቧል። ስለዚህ የጎደለው ጥጃው ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ጠባቂ ተጠየቁ፤ «የእኔ ዘጠኝ ናቸው፣ አንዷ ሞታለች፣ የሌላውን አላውቅም» አሉ። ልክ ናቸው። ቀጥሎ አዮ ተጠሩ።

«ጥጆቹ የት አሉ?» አላቸው ሊቀ መንበሩ።

«የምን ጥጃ?» አሉ አዮ። «እኔ ልጅ ነው የምይዘው። ጥጃ አላውቅም።»

ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሆኖ ሰፈረ፦ «ተጠያቂዋ ጥጆቹን ጨርሶ ይጠብቁ እንዳልነበረ በራሳቸው አንደበት አምነዋል።» ዓረፍተ ነገሩ የእኔ አይደለም፣ የሊቀ መንበሩ ነው። አራት ነጥቧን ግን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አምስት የተዳቀሉ ጥጆችን ሰርቀው ሸጠዋል ተብለው አዮ ፖሊስ ጣቢያ ገቡ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም ዝም አልኩ። ብናገር ያን ቀን እባረራለሁ፤ ብባረር እኔና ልጄ በአስተማሪ ደሞዝ ግማሽ ሆድ እንበላለን፤ ባልናገር አዮ የአምስት ጥጃ ዕዳ ተሸክመው ወህኒ ይወርዳሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሌላ ችግር ገጠመኝ፤ ልጄን የሚይዝልኝ የለም። ያዧ ታስረዋል።

አሁን የምነግራችሁን የምነግራችሁ ራሴን ለመቅጣት ነው። ልጄን አዝዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አራቱ እናቶች ቀድመውኛል። አዮ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አራቱን ልጆች ሰብስበው ያጫውታሉ። አስር አለቃው ወላድ ነው መሰል ዓይቶ እንዳላየ ሆነ። «አምጫት፣ ሥራ ይረፍድብሻል» አሉኝ አዮ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን፣ ያሳሰርኳቸው ሴት ዘንድ ልጄን እያስቀመጥኩ፣ ስለ ሌብነታቸው ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ፖሊስ ጣቢያው ለሦስት ቀን በከተማው ብቸኛው የሕፃናት መዋያ ሆነ፤ ያውም ዘበኛ ያለው።

«ማነው እንዲህ ያለው?» ብለው ጠየቁኝ በሁለተኛው ቀን። «ልጅሽን ስይዝ አላየሽኝም? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ አዮ፣ አይዞዎት» አልኩ። የባለቤቴን አፍ ተዋስኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የእርባታ ጣቢያው በር ላይ ዘፈን ተሰማ። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መጥተዋል። ሲንቄ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። አርሲ ውስጥ ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ወጥቶ ሳይክስ ወደ ቤታቸው አይገቡም፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ከብት ይራባል፣ አይገቡም። በመካከላቸው አቋርጦ የሚያልፍ ወንድም የለም። ከሲሬ ሳይቀር የአዮ ዘመዶች መጥተው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘፈኑን በመስኮት ሰምተው ፊታቸው በራ። በዚያው ሰሞን ለገበሬዎች ጊደር ተከፋፍሎ ነበር። «ሊያመሰግኑን ነው የመጡት» አሉና ኮታቸውን ለበሱ፣ ወንበር ይውጣልን አሉ። ዘበኛው ግን ጎጆው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቷል።

«ውጣና አስተርጉም እንጂ!» አሉት።

«ጌታዬ፣ ደሞዜን ይቁረጡት» አለ ከውስጥ። «እኔም እናት አለችኝ። ሲንቄ ፊት አልቆምም።»

ሥራ አስኪያጁ ዞር ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ኦሮምኛ ከአዮና ከአላቢዎቹ ለምጄ ነበር። «ነይ አንቺ» አሉኝ። እኔም ወጣሁ። በራሴ ፈቃድ ወጣሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ከፊት የቆሙት አሮጊት እርጥብ ሣር በአንድ እጃቸው፣ ሲንቄ በሌላው ይዘዋል። ቀስ ብለው ተናገሩ፣ እኔ አስተረጎምኩ።

«ልጅ ያሳደገች ሴት ሌባ ተብላለች ይላሉ። ማነው ሌባ ያላት ይላሉ።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት ደበዘዘ። «እኛ ምንም አላልንም በያቸው። ወረቀቱ ነው ያለው።»

አስተረጎምኩ። አሮጊቷ ትንሽ አሰቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ወረቀቱን ማን ጻፈው አሉ።

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ሥራ አስኪያጁ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። አርባ ሴቶችም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ» አልኩ በኦሮምኛ። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥጆቹ ጥጆች እንዳልሆኑ፣ አምስቱም አሁን ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ እንደሆነ፣ ቁጥር አስራ ሁለት የእኔ ልጅ እንደሆነች። እያለቀስኩ ስለነበር የትኛውን በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩ አላስታውስም።

ከሴቶቹ አንዷ ከኋላ ሳቀች። ሥራ አስኪያጁ አዩኝና መጀመሪያ ያወጡት ቃል ይህ ነበር፦ «ታዲያ ስልሳ ኪሎ የደረሰችው የትኛዋ ናት?»

አዮ በዚያው ሰዓት ተፈቱ። እኔ በወጉ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ፣ የዕርቁ ሣር ተበተነብኝ። ቀና አደረጉኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። «ጥጃ በይ ብትይኝ ጥጃ እል ነበር።» ለካሳው አንዲት ጊደር እንድትታረድ ተወሰነ፤ ጊደር ያለው ጣቢያው ነውና ጣቢያው ሰጠ። አምስት የሌሉ ጥጆች ጠፉብኝ ያለ መሥሪያ ቤት አንዲት ያለች ጊደሩን በእጁ አስረከበ።

እኔ እባረራለሁ ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አልተባረርኩም። ለካ የመንጋው ቁጥር በማደጉ ሥራ አስኪያጁ ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ ደርሷቸዋል። እኔን ለማባረር ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ለመጻፍ ምስጋናውን መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተገኘ።

«ጥጆቹ በበሽታ ሞተዋል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ በሩን ዘግተው። «ተቅማጥ በይ። በአንድ ቀን አታድርጊያቸው፣ ያጠያይቃል። በየሳምንቱ አከፋፍያቸው።»

አራቱን ጻፍኩ። ቁጥር አስራ ሁለት ላይ ስደርስ ጣቴ እንቢ አለኝ። ወረቀት ናት፣ ጥጃ ናት፣ ልጄ ከግድግዳው ማዶ ትስቃለች፣ ድምፅዋ ይሰማኛል። ቢሆንም አልቻልኩም። ተነሥቼ ሄጄ አየኋትና ተመልሼ ጻፍኩት። ሞተች፣ በዚህ ቀን፣ በተቅማጥ፣ ከሁለት የካርቦን ቅጂ ጋር። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የቀፈፈኝ የለም።

ከዚያ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። የጥጆች ቁጥር ከአሥር በታች በመውረዱ የሁለተኛዋ ጥጃ ጠባቂ መደብ ተሰርዟል። አዮ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ምድጃው ዳር ተቀምጠው ልጄን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሰሙኝ። እስክጨርስ ጠበቁ።

«እሺ» አሉ። «ነገ ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

«እንጃ፣ አዮ።»

«እኔ ሲሬ ወንድሜ ጋ ልገባ ነው። ሰው እስክታገኚ ስጪኝ። ሩቅ አይደለም፣ በየሳምንቱ ታዪያታለሽ።»

የገዛ እናቴን እንቢ ያልኩ ሴት እሺ አልኩ። ማስጠንቀቂያ ሁለት ደርሶኛል፣ ሦስተኛው ስንብት ነው። አንዷ አላቢ ልጇን አዝላ ማለብ ጀመረች፣ ላሟ ደንግጣ ባልዲውን ስትረግጥ ከሥራ ወጣች። ሌሎቹ ልጆቻቸውን ለጎረቤት፣ ለአክስት፣ ለእግዜር ሰጡ። እኔ ለአዮ ሰጠሁ። ያለ አንዳች ክፍያ፤ የስኳርና የሳሙና ብሰጣቸው ተቆጡኝ። ለበደልኳቸው ለአዮ ልጄን ሰጥቼ፣ በነፃ ሞግዚት አገኘሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ «ችግሩ ተፈትቷል» ብዬ ጻፍኩ። «አይዞሽ ብዬሽ አልነበር?» ብሎ መለሰ።

በየሳምንቱ የሚለው የሰጠኋትን የሚያዝያን ወር እንኳ አልዘለቀም። ዴራ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ገበያ በሚሄድ የጭነት መኪና ሁለቴ ሄድኩ። ከዚያ እሑድ እሑድ የሚገባ የሪፖርት ሥራ መጣ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ የጭነት መኪናዎቹ ቆሙ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ልጄን አላየኋትም። ሌሊት ጡቴ ይሞላ ነበር ብዬ ላሳዝናችሁ አልችልም፤ ጡት ከተወች ቆይታለች። ግን ቢሮ ውስጥ፣ ግድግዳው ማዶ ጸጥታው ይሰማኛል። ፊደል መሳት ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ «ደግሞ ምን ነካሽ?» አሉኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ እንደደረቀ፣ ሄድኩ። ከአላቢዎቹ አንዷ አዮን ልትጠይቅ አብራኝ መጣች። መንገዱን ሙሉ አዲስ ቀሚስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ስታየኝ ስትሮጥ፣ እኔ ስቀበላት፣ እንዴት አድርጌ እንደማነሣት እያሰብኩ ሄድኩ። የአዮ ወንድም ቤት አጥሩ ጋ ስንደርስ ልጄ ከደጅ ቆማ አየኋት። ቆማለች፤ ስሰጣት ገና ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር የምትራመደው። ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያበራል። አንገቷ ላይ ጨሌ አለ። ለውሻው በኦሮምኛ ትእዛዝ ትሰጣለች።

አዮ አይተውን እልል አሉ። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት፤ እናትሽ መጣች፣ ሂጂ አሏት።

ልጄ ሁለታችንን አየችን። እኔን አየች፣ አላቢዋን አየች። እንደገና እኔን አየች። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ቀሚሱን ይዤ ቁጢጥ ብያለሁ። ትንሽ አመነታች። ከዚያ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ፣ የተባለችውን ለመፈጸም ቀስ ብላ መጣችና እጇን ለአላቢዋ ዘረጋች።

አላቢዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። አዮ ነጠላቸውን ሰብስበው መጡ፣ ልጄን በሁለት ትከሻዋ ያዙና ወደ እኔ አዞሯት።